መሾምና መሸከም፦ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ሕይወት ያላቸው ስፍራ

ስለ ሴቶችና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ተጀምሮ በዚያው ይደመደማል፤ ሴት ለክህነት ትሾማለች ወይስ አትሾምም? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መልሱ ግልጽ ነው። ዲቁና፣ ቅስናና ጵጵስና ለወንዶች ብቻ የሚሰጡ ማዕርጋት ናቸው። ይህ መልስ ከተሰጠ በኋላ ግን ብዙ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚወድም የሚነቅፍም፣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አንዱ ወገን ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ስፍራ የላቸውም ብሎ ይፈርዳል፤ ሌላው ደግሞ ስፍራቸው ማዳመጥና መታዘዝ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ያስተምራል። ሁለቱም የሚስቱት በአንድ ነገር ነው፤ የተሾመውን ሲቆጥሩ የተሸከመውን ይዘነጋሉ። እኔ እንደማምነው የዚህች ቤተ ክርስቲያን እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በሁለት እጅ ነው። አንዱ ቀድሶ የሚያቆርበው የካህናት እጅ ሲሆን ሌላው ጋግሮ የሚያበላው፣ አሳድጎ የሚያስተምረው፣ ሰጥቶ የሚያቋቁመው የእናቶች እጅ ነው። ይህ ሁለተኛው እጅ ምን እንደሠራና ለምን እምብዛም እንዳልተጻፈለት ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

ከደጅ የቆመው ተማሪ

ነገሩን ከጓዳ መጀመር ይሻላል። የአብነት ትምህርት ከንባብ ቤት ይነሣና በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያልፋል፤ ለመፈጸም ረጅም ዓመታት፣ ለአንዳንዱም የዕድሜውን እኩሌታ ይወስዳል። ተማሪው ወላጆቹን ትቶ፣ ዝነኛ መምህር ወዳሉበት አገር ርቆ ይሄዳል። የኔታ በቂ ደመወዝ የላቸውም፤ ጉባኤ ቤቱም ቀለብ የሚሰፍርለት የለውም። ታዲያ ለዘመናት ሊቃውንትን ያፈራው ይህ ትምህርት በምን ቆመ? መልሱ በየመንደሩ ደጃፍ ላይ ይገኛል። ደበሎ የለበሰ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ ከአጥር ውጭ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» (ስለ ማርያም ስም) ይላል። ድምፁን ሰምታ የምትወጣው የቤቱ እመቤት ናት። ከሌማቱ ቁራሽ እንጀራ፣ ከሌለም ቆሎ ወይም ንፍሮ ይዛ ትመጣለች። ልጁ የሩቅ አገር ልጅ ነው፤ ስሙን አታውቀውም፣ ከአንድ ወር በኋላም ላታየው ትችላለች። የራሷ ልጅም በሌላ አውራጃ፣ በሌላ ሴት ደጅ እንዲሁ ቆሞ ይሆናል።

የዜማ መጽሐፉን ድጓን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ በቃላቸው ይዘው ያቆዩልን ሊቃውንት ያደጉት በሴቶች እጅ ተጋግሮ በአንዲት ሴት ስም በተለመነ እንጀራ ነው። በየጉባኤ ቤቱ የመምህራን ሐረግ ይቆጠራል፤ እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ ተማረ እየተባለ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ ሐረግ ውስጥ ያበሉት እናቶች ስም የለም። ይህን የምለው መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ የእናቶችን ውለታ እያነሡ ሲመርቁ ኖረዋል። የእናቶቹ ድርሻ ግን በምርቃት ብቻ ሲታወስ ኖሯል፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሆኖ መቆጠርም ነበረበት።

ጓዳው የሚያስተምረው በሌላም መንገድ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የጾም ቀናት ተደምረው በዓመት እስከ 250 ይደርሳሉ፤ ከእነዚህም ምእመናን ሁሉ እንዲጾሙ የታዘዙት ወደ 180 ይጠጋሉ። ሥርዓቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በቤት ውስጥ ማስፈጸም ግን ሌላ ሥራ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤ የነካውን ዕቃ አጥቦ የሚለየው፣ ሽሮውን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው፣ ሱፉንና ተልባውን የሚወቅጠው፣ ሕፃኑ በፍልሰታ እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚችል የሚመዝነው ማን እንደሆነ የኢትዮጵያን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ጾምን ከስብከት አስቀድሞ ከእናቱ ማጀት ይማራል። በወር 12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም መሆኑንም የሚለየው በአብዛኛው እናቱ ወይም አያቱ ተነሥታ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ደጀ ሰላም ስትሄድ እያየ ነው።

ይህ ልማድ በመጽሐፍ ቅዱስም ስም አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት የወጣቱን ጳጳስ እምነት ሲያደንቅ ምንጩን የሚጠራው በሁለት ሴቶች ስም ነው፤ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ የነበረ እምነት መሆኑን ይናገራል። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል፤ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው በእናቱ ወገን ነው። በእኛም ዘንድ ሴት ልጅ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና እናት ትቆምላታለች፤ ይህችም እናት ልጅቱን በእምነት ልታሳድግ በእግዚአብሔር ፊት ቃል የምትገባ እንጂ ለሥርዓቱ ማድመቂያ የምትጠራ አይደለችም።

የጽዋ ማኅበሩንና ሰንበቴውን ማንሣት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛዋ ጠላውን ትጠምቃለች፣ ዳቦውን ትደፋለች፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ ድሃው ይበላል፤ ከዚያም የታመመ ማን እንደሆነ፣ ሐዘን የደረሰበት፣ ልጁን የዳረ ማን እንደሆነ ይነገራል። የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ሥራ ቢሮና በጀት ሳይኖረው ለዘመናት የተካሄደው በዚህ መንገድ ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ፣ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ የመቅደሱ መጋረጃና ለታቦት የሚዘረጋው ጃንጥላ በስለት ሲገባም አምጪዎቹ ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው።

መጻሕፍቱ የሚሉት

አንዳንዶች የሴቶችን አገልግሎት የዘመኑ ፖለቲካ ያመጣው አዲስ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። ወንጌልን ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ግን ይህ አይቆምም። ሉቃስ በ8ኛው ምዕራፍ መግደላዊት ማርያም፣ የኩዛ ሚስት ዮሐና፣ ሶስናና ሌሎች ብዙ ሴቶች ጌታችንን እየተከተሉ በገንዘባቸው ያገለግሉት እንደነበር ይጽፋል። በስቅለቱ ዕለት ከደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ ሲበተኑ እነርሱ ቀርበው ቆሙ፤ በእሑድ ማለዳም ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱት እነርሱ ናቸው። የትንሣኤውን ዜና አስቀድመው ሰምተው ለሐዋርያት ያበሠሩት ሴቶች ሲሆኑ፣ ሐዋርያት ግን ነገሩ ቅዠት መስሎ እንደታያቸውና እንዳላመኑአቸው ሉቃስ ሳይሸሽግ ጽፎታል። ወንጌላዊው የሐዋርያትን አለማመን ያህል የሚያሳፍር ነገር ለምን አቆየልን? እኔ እንደሚመስለኝ እውነቱ እንዲህ ስለነበረ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከጅምሩ ይህን ስላልካደች ነው። ከትንሣኤ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ እስከ ዛሬ ድረስ በቤተ ክርስቲያናችን «ቅዱሳት አንስት» ተብሎ በእነዚህ ሴቶች ስም ይጠራል።

በሐዋርያት ዘመንም ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር ሆና አንደበተ ርቱዑን አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል አስረዱት። የፊልጶስ አራት ሴቶች ልጆች ትንቢት ይናገሩ ነበር። በፊልጵስዩስ የመጀመሪያይቱን ቤተ ክርስቲያን በቤቷ የተቀበለችው ሐምራዊ ልብስ የምትሸጠው ልድያ ናት። ጳውሎስ ወደ ሮሜ በላከው መልእክት መጨረሻ ፌቤንን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ አደራ ይሰጣታል። ያው ሐዋርያ በቆሮንቶስ መልእክቱ ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ ማለቱ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን በዚያው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትሸፍን ያዝዛል፤ ይህም መጸለይዋና መናገሯ የታወቀ እንደነበር ያሳያል። ሁለቱን ቃላት አጣምሮ የማያነብ ሰው ግማሽ ጳውሎስን ይዞ ይቀራል።

ክህነቱ ለምን ለወንዶች ብቻ ሆነ ለሚለው ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ምክንያት ጌታችን አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከወንዶች መምረጡ ነው። ከፍጥረት ሁሉ በላይ የከበረችው እመቤታችን እንኳ ክህነት አልተሰጣትም ይባላል። ይህ ምክንያት በጥሞና ሲታይ ብዙ ሰዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነገር ይናገራል። በዓመት 33 በዓላት የሚከበሩላት፣ በየዕለቱ በውዳሴዋ የምትመሰገነው ድንግል ማርያም ክህነት ሳይኖራት ከካህናት ሁሉ በላይ ከሆነች፣ ክህነት የክብር መለኪያ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ክብርና ማዕርግ የተለያዩ ናቸው፤ ማዕርግ ስለሌለ ክብር የለም ብሎ የሚያስተምር ሰባኪ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይቃረናል።

በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናዊት የሚባሉ ሴት አገልጋዮች ነበሩ። ጎልማሳ ሴቶች በሚጠመቁበት ጊዜ ስለ ጨዋነት በሚደረገው ጥንቃቄ ይረዱ፣ የታመሙ ሴቶችን በየቤታቸው ይጠይቁ ነበር። ከጊዜ በኋላ የሚጠመቁት በአብዛኛው ሕፃናት ሲሆኑ አገልግሎቱ እየሳሳ ሄደ። በግብፅ ቅብጥ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን በፓትርያርክ ሺኖዳ ሣልሳዊ ዘመን ለአገልግሎት የሚቀደሱ ሴቶች ሥርዓት እንደገና ተጀምሯል። እኅት ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን መመልከት ለእኛም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ስለ ንጽሕና ሥርዓት

ብዙ ወጣት ሴቶች የሚያነሡት፣ ብዙ ጊዜም በቂ መልስ የማያገኙበት ጥያቄ የወር አበባ ጉዳይ ነው። በዚያ ጊዜ ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፤ በቅጽሩ ወይም በደጀ ሰላሙ ሆና ትጸልያለች። ከወለደችም በኋላ ልጁ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ትቆያለች፤ ሕፃናቱም ክርስትና የሚነሡት በእነዚሁ ቀናት ነው። የቀኖቹ መነሻ ኦሪት ዘሌዋውያን 12 ሲሆን መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ገነት ይመልሰዋል፤ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል። በዚህ ምሥጢር መሠረት ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወደ ገነት እንደሚመለስ ይቆጠራል።

መታወቅ ያለበት ነገር ሥርዓቱ ወንዶችንም የሚመለከት መሆኑ ነው። ሕልመ ሌሊት ያገኘው፣ ከሚስቱ ጋር ያደረ ወይም ደም የሚፈስሰው ቁስል ያለበት ወንድ በዚያ ዕለት አይቆርብም፤ ካህንም ቢሆን አይቀድስም። ስለዚህ ሥርዓቱ ሴት ርኩስ ናት ከሚል ሐሳብ አልተነሣም፤ ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርብ ሰው ሁሉ እንዲዘጋጅ የሚጠይቅ ነው። ይህ ግን በቂ ማብራሪያ ተሰጥቶ አይነገርም። የወንዱ ምክንያት በራሱና በንስሐ አባቱ መካከል ይቀራል፤ የሴቷ ግን ከቅጽሩ ስትቆም ሁሉ ያያታል፣ አንዳንዴም ባልተማረ ሰው አፍ ትዋረዳለች። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ስትነካ ጌታችን «ልጄ ሆይ» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት እምነቷን እንዳመሰገነ የሚያስታውስ አስተማሪ ልጃገረዶችን እንዲህ ባለ ሐፍረት ውስጥ አይተዋቸውም።

ወለተ ጴጥሮስ

ሴቶች የቤተ ክርስቲያንን እምነት የተሸከሙበትን መንገድ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን ካቶሊክ እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተል ታዘዘ። ብዙ መኳንንት ሥልጣናቸውን ላለማጣት ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1592 ከታላቅ ቤተ ሰብ የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ ግን የተለየ መንገድ ያዘች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ ከንጉሡ ዋና ዋና ባለሟሎች አንዱ ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ንጉሡን የተቃወሙት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን እ.ኤ.አ. በ1617 ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ወገን ተሰልፎ ነበር። የጳጳሱ ልብስ በእርሱ እጅ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ከዚያ በኋላ ከእርሱ ጋር መኖር እንደማትችል አስታወቀች። ጌጧን ጥላ፣ ምግብን ትታ ቆየች፤ ባሏም በመጨረሻ ለቀቃት። መነኰሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው የተቃውሞ ታሪክ ነው። ካቶሊክን የሚቃወም ትምህርት ታሰራጫለሽ ተብላ ከንጉሡ አደባባይ ቀረበች፤ የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሊያሳምኗት ሞከሩ፤ አልተቻለም። ወደ ዠበይ ተጋዘችና በበረሃው ሦስት ዓመት ቆየች። በግዞት ሳለች ግን ሰዎች ፈልገው ይመጡባት ጀመር፤ ብቻዋን የተጋዘችው ሴት ማኅበር ይዛ ወጣች። ሱስንዮስ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ባወጁ ጊዜ፣ ወለተ ጴጥሮስ በጣና ዙሪያ ማኅበራትን ማስተዳደሯን ቀጠለች። በጠቅላላው ሰባት ማኅበራት አቋቁማለች፤ በውስጣቸው ሴቶችም ወንዶችም ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ጋር የመኳንንት ልጅ የነበረችው እናት እህል ትፈጭ፣ እንጨት ትሸከም፣ ውኃ ትቀዳ ነበር። ከጎኗ ያልተለየችው ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1642 ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች፤ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ ዛሬም በስሟ ትታወቃለች።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ገላውዴዎስ የተባለ መነኮስ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ያዩአትንና የሰሙአትን ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን ስለ ጻፈ ነው። ማኅበሯ በሕይወት ስለ ነበረ ተራኪ ተገኘ። በዚያ ዘመን በየቤታቸው ባሎቻቸውን የተቃወሙ፣ ልጆቻቸውን በአባቶቻቸው ሃይማኖት በስውር ያሳደጉ ሌሎች ሴቶች ግን ማኅበር አልነበራቸውምና ገድልም አልተጻፈላቸውም። የአንዲቱ ገድል ስለ ብዙዎቹ የሚመሰክር ሆኖ ይታየኛል።

ከእርሷ በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከቡልጋ የተነሣችው ክርስቶስ ሠምራ አለች። ባል የነበራት፣ ልጆች የወለደች እመቤት ነበረች፤ አገልጋይዋን በቁጣ ገድላ፣ በጸሎቷ ከሞት ብትነሣላትም ከኀጢአቷ ክብደት የተነሣ ዓለምን ንቃ መነነች። ከደብረ ሊባኖስ ወደ ጣና ሄዳ በጓንጉት ኖራለች፤ በዓሏም ነሐሴ 24 ይከበራል። ገድሏ የሰው ልጅ መከራ እንዲያበቃ ብላ ዲያብሎስን ከፈጣሪው ለማስታረቅ መለመኗን ይተርካል። እንዲህ ያለ ድፍረት የተሞላበት ርኅራኄ በአንዲት እናት ስም መጻፉ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ስለ ነገሥታቱ ሴቶች ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ ላልፍ። የቅዱስ ላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራ፣ መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ፣ በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን በጣና ደግሞ ናርጋ ሥላሴን ያቆሙት እቴጌ ምንትዋብ፣ የእንጦጦ ማርያሟ እቴጌ ጣይቱ የታወቁ ናቸው። ዙፋን ለነበራቸው ታሪክ ጸሐፊ አልታጣላቸውም።

በትርጉም ሥራ ጀርባ ያለች ሴት

ተመሳሳይ ነገር በወንጌላውያን (በፕሮቴስታንት) አብያተ ክርስቲያናትም ወገን ይታያል። በባሪያ ፈንጋዮች እጅ የወደቀችው አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ከሚወስዳት ጀልባ በጣሊያን መርከበኞች ነጻ ወጥታ፣ በምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉሙ ቋንቋውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና የቃላት ስብስቡን በማዘጋጀት ትልቁን ሥራ ሠራች። ከቃሏ የተሰበሰቡ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች የገቡበት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም በእነርሱ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም በስፋት የታወቀው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ የእርሷ ድርሻ የተነገረው ዘግይቶ ነው። ከዚያም ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምት ስታስተምር ኖረች። ዛሬ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴቶችን ለቅስና ትሾማለች። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በዚህ መንገድ እንደማትሄድ ግልጽ ነው፤ ሆኖም የሠራችውን ሴት በስሟ መጥራት ለሁለቱም የጋራ ዕዳ ነው።

ዛሬ የሚታየው

በተዋሕዶ ሥርዓት ውስጥ ክህነት የማይጠይቁ፣ ለሴቶች ክፍት የሆኑ ብዙ በሮች አሉ። የቅኔ መምህርነት ቀዳሚው ነው። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል፤ ከደጃቸው ቅኔ ተቀኝተው የወጡት ወንዶች ናቸው። እርሳቸው የቻሉትን ሌላዋ እንዳትሞክር የሚከለክል ቀኖና የለም፤ የሚያግደው ልጃገረድ ለልመና ርቃ እንዳትሄድ የሚያስገድደው የኑሮ ሁኔታና ለሴት ተማሪዎች የሚሆን ማደሪያ ያለው ጉባኤ ቤት መጥፋት ነው። ማደሪያና ቀለብ ቢዘጋጅ ይህ በጥቂት ዓመታት ሊለወጥ ይችላል።

ምንኵስናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከመኳንንት ቤት ወጥተው በግሸን ማርያም በባዶ እግራቸው ለዓመታት ኖረው፣ ፒያኖአቸውን የጸሎታቸው አካል አድርገው ዓለም ሁሉ ሰማቸው። በሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል እናቶች ወላጅ ያጡ ሴት ልጆችን ያሳድጋሉ። የሚበዙት እማሆዮች ግን ስማቸው ከደጀ ሰላም አያልፍም። ባላቸው ሲሞት ወይም ልጆቻቸውን ከዳሩ በኋላ ቆብ ደፍተው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በጠባብ ቤት ይኖራሉ፤ ቅጽሩን ይጠርጋሉ፣ ሌሊቱን በጸሎት ያድራሉ፣ ለሚመጣው ሁሉ ጸበል ይቀዳሉ። ሲታመሙ ግን የሚያስታምማቸው በደጉ ምእመን ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ደብሩ የሚያገኘውን ሙዳየ ምጽዋት የሚሞላው አብዛኛው የእናቶች ገንዘብ ከሆነ፣ ከዚያው ለእማሆዮች ሕክምናና ቀለብ የተወሰነ ድርሻ መመደብ ጽድቅም ፍትሕም ይመስለኛል።

በውጭ አገርም ነገሩ ይኸው ነው። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲያገኙ የሚሮጡት ወደ ቅዳሴ ነው። የኪራዩን ገንዘብ ከደመወዛቸው ያዋጣሉ፤ ችግር የደረሰባትን እኅት ያስጠጋሉ፤ የሞተችውን ወደ አገሯ ለመላክ ያሰባስባሉ። በአሜሪካና በአውሮፓም የተከራየ አዳራሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲለወጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጥ ቤቱን የያዙት፣ ልጆቹን አማርኛና መዝሙር የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው።

የቀረው ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጥበት ስፍራ ነው። ቅዱስ ሲኖዶስ የጳጳሳት ጉባኤ በመሆኑ ሴት አይኖርበትም፤ ይህ ከክህነቱ ሥርዓት የሚከተል ነው። የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ግን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚመረጥ ነው፤ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ችግረኞች የሚወስነውም እርሱ ነው። እዚያ ለመቀመጥ ክህነት አያስፈልግም። ሆኖም በብዙ አጥቢያዎች ምርጫ ሲደረግ እናቶች ድምፅ ሰጥተው፣ እልል ብለው ይመለሳሉ፤ ከተመረጡት መካከልም ቢገኙ ጥቂት ሆነው የመስተንግዶው ሥራ ይሰጣቸዋል። ገንዘብ ያዥነቱን፣ የሒሳብ ምርመራውንና የልማት ኮሚቴውን ሊመሩ የሚችሉ የባንክ ባለሙያዎች፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና መሐንዲሶች የሆኑ እኅቶች በየአጥቢያው ሞልተዋል። በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ሲጠቆም በሴቶች መቆሚያ፣ ከደቡቡ በር በኩል ከቆሙት መካከልም ስም መጥራት ይቻላል።